ሲንክ ከተደረገ በኋላ የተዘበራረቀ ኮንታክት ከየት ጀምሮ ይስተካከላል?

አዲስ ስልክ ላይ ጂሜይል ገብቶ ሲንክ ሲደረግ፣ ወይም ከድሮው ባለ ቁልፍ ስልክ ወደ ስማርት ስልክ ሲገለበጥ፣ ኮንታክቱ ብዙ ጊዜ እንደነበረ አይመጣም። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ይደረደራል። «ወይዘሮ አሰለፈች» የነበሩት «ወይዘሮ አ» ሆነው ይቀራሉ። ከፊሉ ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል፣ ከፊሉ ደግሞ ስም የሌለው ባዶ ቁጥር። ጅዳ ያለች እህት ደግሞ «ቁጥርህን መዝግቤ ዋትስአፕ ላይ አጣሁህ» ትላለች።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ድርብርቡን ማጥፋት ነው። ስልኩም «ተመሳሳይ ኮንታክቶች ተገኝተዋል፣ ላዋህዳቸው?» እያለ ይገፋፋል። ይህ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሥራ ነው። ስልክ ሁለት ኮንታክት የአንድ ሰው መሆኑን የሚያውቀው ስሙንና ቁጥሩን አመሳክሮ ነው። ስሙ ተቆርጦ፣ ቁጥሩ ተዛብቶ እያለ ማዋሃድ ከተጀመረ የማይገናኙ ሰዎች አንድ ይሆናሉ፣ የሚገናኙት ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ኮንታክቱ የት እንደተቀመጠ ይለያል፤ ቀጥሎ ፊደሉ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ የስሙ አቀማመጥ ይስተካከላል። ማዋሃዱ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከመነካካትዎ በፊት

ሲንክ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ሥራው ስልኩ ላይ ያለውና አካውንቱ ላይ ያለው አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው። ስልክ ላይ የተሰረዘ ስም ከአካውንቱም ይሰረዛል፣ በዚያው አካውንት ከሚሠራ ሌላ ስልክም ይጠፋል። ስለዚህ አንድም ስም ሳይነኩ ሲንኩን ያጥፉ። «ሴቲንግ» ገብተው «አካውንትስ»፣ ከዚያ «ጉግል» የሚለውን ከፍተው «ኮንታክትስ» ላይ ያለውን ማብሪያ ዝቅ ያድርጉ። ይህን ማግኘት ካስቸገረ ዳታውንና ዋይፋዩን መዝጋት ለጊዜው ያው ነው።

ከዚያ ቅጂ ያውጡ። የጉግል ኮንታክት አፕ ላይ «ኦርጋናይዝ» ከሚለው ገጽ «ኤክስፖርት ቱ ፋይል» ይጫኑ። ሳምሰንግ ላይ ሦስቱን መስመር ነክተው «ማኔጅ ኮንታክትስ»፣ ቀጥሎ «ኢምፖርት ኦር ኤክስፖርት»። አይፎን ላይ (አይኦኤስ 16 እና ከዚያ ወዲህ) «ሊስትስ» ውስጥ «ኦል ኮንታክትስ» የሚለውን ተጭነው ሲይዙ «ኤክስፖርት» ይመጣል። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ አፑ «እውቂያዎች»፣ ሴቲንጉ «ቅንብሮች» ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል። የሚወጣው ፋይል ስሙ በቪሲኤፍ (.vcf) የሚያልቅ ነው። ፎቶ ካልተያያዘበት የብዙ መቶ ሰው ዝርዝር እንኳ ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሚሆን ቴሌግራም ላይ ለራስዎ «ሴቭድ ሜሴጅስ» መላክ ይቻላል። ቅጂው እዚያው ስልኩ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ነገሩ አስቀድሞ ተበላሽቶ ከሆነና አካውንቱ የጉግል ከሆነ አንድ መውጫ አለ። በብራውዘር የጉግል ኮንታክትስ ድረ ገጽ ተከፍቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ «አንዱ ቼንጅስ» (Undo changes) የሚለው ዝርዝሩን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከ10 ደቂቃ በፊት ወደነበረበት፣ ወደ ትናንት፣ ቢበዛ እስከ 30 ቀን ድረስ። አመላለሱ ግን ጅምላ ነው። ባለፈው ሳምንት የመዘገቧቸው አዳዲስ ቁጥሮች ወደ ሁለት ሳምንት በፊት ሲመለስ አብረው ይሄዳሉ፣ እነሱን አስቀድሞ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

ኮንታክቱ የት ነው ያለው?

ስልኩ ላይ አንድ ዝርዝር የሚመስለው እንደ እውነቱ ሦስት ዝርዝር ነው፦ ሲም ካርዱ ላይ ያለው፣ ስልኩ ሜሞሪ ላይ ያለውና አካውንቱ ላይ ያለው። «አበበ» ሦስት ጊዜ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ጋ ስላለ ነው። አንዱን ስም ከፍተው ወደ ታች ሲወርዱ ወይም «ኤዲት» ሲሉ የተቀመጠበት ቦታ ከላይ ወይም ከታች ተጽፎ ይገኛል።

ስም የሚቆርጠው ሲም ካርድ ነው። ሲም ላይ አንድ ስም አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ኢሜይል፣ ማስታወሻ፣ ሁለተኛ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የለውም። ብዙ ሲም ካርዶች 250 ያህል ስም ይይዛሉ፣ ለእያንዳንዱ ስም የሚሰጡትም ቦታ 14 ባይት አካባቢ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሚወስድ 14 ፊደል ይገባል። የአማርኛ ፊደል ግን ሲም ላይ ሁለት ሁለት ባይት ይወስዳል፣ አንድ ባይት ደግሞ «ይህ የላቲን አይደለም» ለሚል ምልክት ይያዛል። የሚተርፈው ስድስት ፊደል ነው። «ወይዘሮ» አራት፣ ክፍት ቦታው አንድ፣ «አ» አንድ፦ ስድስት ሞላ። ወይዘሮ አሰለፈችም፣ ወይዘሮ አበበችም፣ ወይዘሮ አስቴርም ሲም ላይ «ወይዘሮ አ» ናቸው። ከሲም ወደ ጉግል ሲገለበጡ ይኸው ተቆርጦ የቀረው ይሄዳል፤ የተቆረጠው ፊደል ሌላ ቦታ ካልተጻፈ በስተቀር የሚመልሰው ሶፍትዌር የለም።

ስለዚህ ሲምና ስልክ ሜሞሪ ላይ ያው ሰው ካለ፣ ከሜሞሪው ያለውን ይያዙ፣ የሲሙን ይተዉ። ለወደፊቱም የኮንታክት አፑ ሴቲንግ ውስጥ አዲስ ስም በነባሪነት የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀውን ከሲም ወደ ጉግል አካውንት ይለውጡት። ባለ ቁልፍ ስልክ ከመሸጥዎ ወይም ለልጅ ከመስጠትዎ በፊትም «ሁሉንም ወደ ሲም ገልብጥ» የሚለውን አይቸኩሉበት። ብዙዎቹ ስልኮች ኮንታክትን በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ በቪሲኤፍ ያወጣሉ፤ በዚያ መንገድ ስሙ ሙሉ ሆኖ ይሻገራል።

ሌላው ጣጣ የሰው አካውንት ነው። ስልክ የሚሸጥ ወይም የሚጠግን ቤት ፕሌይ ስቶር ለመክፈት ብሎ የራሱን ጂሜይል በደንበኛው ስልክ አስገብቶ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያው ጂሜይል የብዙ ሰው ስልክ ላይ ይቆያል። ሲንክ በርቶ ከሆነ የሁሉም ኮንታክት አንድ ጎሬ ይገባል፤ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ስልክ ላይ የማያውቃቸው የአጣዬና የመሐል ሜዳ ሰዎች ስም ይደረደራል፣ የእሱም ሚስጥር ነው ያለው ቁጥር እነሱ ጋ ይታያል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት የማያውቁትን ስም እየመረጡ መሰረዝ ነው፤ ሲንክ ስላለ ከእውነተኛው ባለቤት ስልክም ይሰረዝበታል። አካሄዱ ይህ ነው። ሲንክ አጥፍቶ ሁሉንም ወደ ቪሲኤፍ ማውጣት። ከዚያ «አካውንትስ» ውስጥ ያንን ጂሜይል ከስልኩ ማስወገድ፤ በዚህ ጊዜ ኮንታክቶቹ ከስልኩ ይጠፋሉ፣ አካውንቱ ላይ ግን እንዳሉ ናቸው፣ ስለዚህ አይደንግጡ። ቀጥሎ የራስዎን ጂሜይል አስገብተው ፋይሉን ወደ እሱ ኢምፖርት ማድረግ። የማያውቋቸውን መሰረዝ የሚቻለው አሁን፣ በራስዎ አካውንት ውስጥ ነው። እዚያኛው አካውንት የቀሩ የእርስዎ ቁጥሮች እንዲጠፉ ከፈለጉ የጂሜይሉን ባለቤት ማነጋገር ግድ ነው።

ፊደሉ ሲበላሽ

የተበላሸ የአማርኛ ስም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መልኩን አይቶ ይድናል አይድንም ማለት ይቻላል።

ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ከሆነ ስሙ ደህና ነው። ስልኩ የአማርኛ ፊደል ማሳያ የለውም ማለት ነው። ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት በትክክል ይነበባል። ምንም አይንኩት።

ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» (á) በየሁለት ሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ ፋይሉ ደህና ነው፣ የተሳሳተው አንባቢው ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የመጀመሪያዋ ባይት አንድ ዓይነት ናት። ፋይሉን የምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ ነው ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ያቺን ባይት በዚያ ባለ ጭረት ፊደል ይተካታል። ለዚህ ነው የተበላሸው ስም ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምር የሚመስለው። ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በኖትፓድ ሲከፍቱ «ኦፕን» በሚለው ሳጥን ግርጌ «ኢንኮዲንግ» ከሚለው ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ «ኢንኮዲንግ» ከሚለው ሜኑ ላይኛው «ዩቲኤፍ-8» አንባቢውን ብቻ ያስተካክላል፤ ታችኛው «ኮንቨርት ቱ ዩቲኤፍ-8» ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ብልሽት እንዳለ ወደ አዲስ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ሁለተኛውን ተጭኖ ሴቭ ያደረገ ሰው ብልሽቱን አጽንቶታል። ብልሽቱ አካውንቱ ውስጥ ከገባም አንድ በአንድ ከማረም ያንን ኢምፖርት ሰርዞ ዋናውን ፋይል በትክክል መልሶ ማስገባት ይቀላል። በድረ ገጹ በኩል የገባ ከሆነ ጉግል «ኢምፖርትድ» የሚልና ቀኑ ያለበት ሌብል ስለሚለጥፍባቸው፣ ያንን ሌብል ከፍቶ ሁሉንም መርጦ መሰረዝ ነው።

የእኩል ይሁን ምልክት (=) ከላቲን ፊደልና ቁጥር ጋር ተደባልቆ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ የድሮው ቪካርድ 2.1 (የቪሲኤፍ ፋይል አሮጌ አጻጻፍ) ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይወስዳል፣ አንድ መስመር ደግሞ ከ76 ምልክት እንዲበልጥ አይፈቀድም። ከስሙ በፊት የሚጻፈው መግለጫ ራሱ አርባ ያህል ምልክት ስለሚበላ ስሙ ከሦስተኛው ፊደል በኋላ ወደ ሁለተኛ መስመር ሊታጠፍ ይችላል። አንዳንድ አፕ የታጠፈውን መስመር ስለማይቀጥል የስሙ መጀመሪያ ብቻ ይገባል። የአቆራረጡ መልክ ከሲሙ ጋር ይምታታል፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የዚህኛው ሙሉ ስም ፋይሉ ውስጥ አለ። በሌላ አፕ ማስገባት፣ ይልቁንም በብራውዘር የጉግል ኮንታክትስ በኩል ኢምፖርት ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ አልቋል። አንድ ፕሮግራም ፊደሉን መጻፍ ሲያቅተው በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ «?» ጽፎ ሴቭ አድርጓል፣ ከሥሩ የተደበቀ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ» (CSV፣ ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ ፋይል) ብሎ ሴቭ ማድረግ ነው። ከዚያው ዝርዝር ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚል ሌላ አማራጭ አለ፤ አማርኛ ካለበት መመረጥ ያለበት እሱ ብቻ ነው። ለጠፋው ስም ያለው ተስፋ የቆየ ቅጂ፣ ወይም ያ ቁጥር ቴሌግራም ላይ የተቀመጠበት ስም ነው።

ቁጥሩ

የኢትዮጵያ ቁጥር፣ ሞባይልም ይሁን መደበኛ ስልክ፣ ከ0 በኋላ ዘጠኝ አኃዝ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል በ09፣ የሳፋሪኮም በ07 ይጀምራል። ከሲንክ በኋላ ያው ዘጠኝ አኃዝ በአምስት ልብስ ሊታይ ይችላል፦ ከፊቱ 0 ይዞ፣ +251 ይዞ፣ ያለ መደመር ምልክት 251 ይዞ፣ 00251 ይዞ፣ ወይም ምንም ሳይዝ ከ9 ጀምሮ። እዚሁ ሲደወል ስልኩ ደዋዩን የሚለየው የመጨረሻዎቹን አኃዞች አመሳክሮ ስለሆነ ስም ያመጣል፣ ችግሩም አይታይም። ችግሩ የሚወጣው ዋትስአፕ ላይና ውጭ አገር ነው። ሳዑዲ ያለ ስልክ 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የዚያው አገር ቁጥር አድርጎ ይወስደዋል። ጅዳ ያለችው እህት ወንድሟን ያጣችው ለዚህ ነው።

አንድ ወጥ መልክ ይምረጡ ከተባለ +251 እና ዘጠኙ አኃዝ ነው። ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ አገር ውስጥ ሲደወልም ተጨማሪ አያስከፍልም። መደረግ የሌለበት ሁለቱን ማዳቀል ነው፤ +251 ከተጻፈ 0 ይወጣል። «+25109» ብሎ የሚጀምር ቁጥር የትም አይደርስም፣ ከተበላሸ ዝርዝር ውስጥም በብዛት የሚገኘው እሱ ነው።

መደበኛ ስልክ ላይ ለሰሜን ሸዋ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ከድሮ ደብተር ወይም ከማኅተም ላይ የተገለበጠ ቁጥር ብዙ ጊዜ የአካባቢ ኮዱ የሌለው ሰባት አኃዝ ነው። ሁሉም የአንድ ዞን ነው ብሎ 011 መደርደር ግን አይሆንም። የደብረ ብርሃን 681፣ የደብረ ሲና 680፣ የመሐል ሜዳ 685 በ011 ሥር ናቸው፤ ሸዋ ሮቢት 664 ግን በ033 ነው። ስለዚህ በ681 የሚጀምረው +251 11 681 ሲሆን፣ በ664 የሚጀምረው +251 33 664 ይሆናል።

ዝርዝሩ ጥቂት ከሆነ በእጅ ማረም ይሻላል። የዕድር ጸሐፊ፣ የዩኒየን ገንዘብ ያዥ ወይም የመንዝ በግ ነጋዴ የያዘው ሦስት አራት መቶ ስም ከሆነ ግን ወደ ሰንጠረዥ አውጥቶ ማረም ነው። ከጉግል ኮንታክትስ ድረ ገጽ «ኤክስፖርት» ብለው «ጉግል ሲኤስቪ» ይምረጡ። አሁን ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገው በኤክሴል አይክፈቱት። ብዙ ዝርዝር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ኤክሴል የስልክ ቁጥርን እንደ ሒሳብ ቁጥር ነው የሚያየው። 0911 ብሎ የሚጀምረውን ከፊቱ ያለውን 0 ይጥላል። ይህ ቀላል ነው፣ ዘጠኙ አኃዝ አለ። +251911 ብሎ የሚጀምረው ግን 12 አኃዝ ስለሆነ የመደመር ምልክቱን ጥሎ «2.51911E+11» አድርጎ ያሳጥረዋል። ሴሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ ቁጥር ገና አልጠፋም፤ «ፎርማት» ገብተው ያለ ነጥብ «ነምበር» ቢያደርጉት ይመለሳል። እንደታየው ሲኤስቪ ሆኖ ሴቭ ከተደረገ ግን ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ያጠረው ነው፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች ሄደዋል። ፋይሉ እንደገና ሲገባ በ0911 የሚጀምሩ ብዙ ሰዎች አንድ ቁጥር ይይዛሉ፣ ስድስት ዜሮ ያለበት። በዚህ ላይ «ድርቡን አዋህድ» ከተባለ የተለያዩ ሰዎች አንድ ኮንታክት ይሆናሉ።

ትክክለኛው አከፋፈት ባዶ ኤክሴል ከፍቶ «ዳታ»፣ ከዚያ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» ማለት ነው። በሚመጣው ሳጥን ላይ «ፋይል ኦሪጅን» የሚለውን 65001 (ዩቲኤፍ-8)፣ «ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን» የሚለውን «ዱ ኖት ዲቴክት» አድርገው «ሎድ»። ኤክሴል ከሌለ ጉግል ሺትስ ላይ ኢምፖርት ሲያደርጉ ጽሑፍን ወደ ቁጥርና ቀን ለመለወጥ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክቱን ያንሱ።

ከዚያ የማረሙ ሥራ በጎን ባለ ባዶ ዓምድ ይሠራል። መጀመሪያ ክፍተቱንና ሰረዙን በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ያጥፉ። ቀጥሎ «ራይት» (RIGHT) በተባለው ፎርሙላ ከቀኝ በኩል 9 አኃዝ ወስደው ከፊቱ «+251» በ& ምልክት ያያይዙ። አምስቱም ልብስ በአንድ ፎርሙላ አንድ ይሆናል፤ «+25109» የነበረውም ይስተካከላል። የማይነኩ ግን አሉ። 994 ወይም *804# የመሰሉ አጫጭር ቁጥሮች፣ በ966፣ በ971 እና በ961 የሚጀምሩ የሳዑዲ፣ የኤምሬትስና የሊባኖስ ቁጥሮች፣ ኮድ የሌላቸው ባለ ሰባት አኃዞቹ። እነዚህን አስቀድሞ በቅደም ተከተል ደርድሮ ለብቻ መለየት ነው። አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ቁጥር በ« ::: » ተለይቶ ካገኙ አይገረሙ፣ ጉግል አንድ ዓይነት ሌብል ያላቸውን ቁጥሮች የሚጽፈው እንዲያ ነው፤ ሁለቱንም ለየብቻ አርመው ምልክቱን እንዳለ ይተዉት።

ሲጨርሱ «ሌን» (LEN) በተባለው ፎርሙላ ርዝመቱን ይቁጠሩ። ትክክለኛው ቁጥር ከመደመር ምልክቱ ጋር 13 ነው። ከፎርሙላው በፊት የነበረውንም ዓምድ መቁጠር ይጠቅማል፤ 10 መስሎ 11 ወይም 12 የሚል ካለ ዓይን የማያየው ምልክት ተለጥፎበታል። ከሌላ አፕ ኮፒ የተደረጉ ቁጥሮች አንዳንዴ የጽሑፍ አቅጣጫ ምልክት ይዘው ይመጣሉ፣ «ራይት» ደግሞ ያንን እንደ አኃዝ ቆጥሮ አንዱን እውነተኛ አኃዝ ይገፋል። እንዲህ ያለውን ሴል ደምስሶ በእጅ መጻፍ ነው። የአርእስት መስመሩን ስም አይለውጡ፣ አይተርጉሙትም፤ ጉግል የትኛው ዓምድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው በሱ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገባው እስከ 3000 ስም ነው።

አቶ በ«አ»፣ ሁሉም በአባቱ

የኮንታክት ፋይል የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው። ቪካርድ ውስጥ ስም የሚጻፍበት መስመር መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ ቀጥሎ ማዕረግ ይጠይቃል። «ጌታቸው በላይ» ሲጻፍ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል፣ አንዳንድ ስልክም «በላይ፣ ጌታቸው» ብሎ በአባት ስም ይደረድራል። ይህ የማሳያ ጉዳይ ነው፣ ፋይሉን ማረም አያስፈልግም። የኮንታክት አፑ ሴቲንግ ውስጥ «ሶርት ባይ» እና «ኔም ፎርማት» የሚሉትን ሁለቱንም «ፈርስት ኔም» ያድርጉ። አይፎን ላይም «ሶርት ኦርደር» እና «ዲስፕሌይ ኦርደር» ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ አንዱን ብቻ የለወጠ ሰው ግራ ይጋባል።

ማዕረጉ ግን ፋይሉ ውስጥ መታረም አለበት። ጉግል የእንግሊዝኛ ማዕረጎችን ለይቶ ያውቃል፣ አቶን፣ ወይዘሮን፣ መምሬን፣ ጋሼን አያውቅም። «አቶ ጌታቸው በላይ» ሲገባ የራሱ ስም «አቶ» ይሆናል፣ ጌታቸው መሐል ይገባል። ድርብ ፈላጊውም አቶ ጌታቸውንና ጌታቸውን አያገናኛቸውም። ሰንጠረዡ ላይ ማዕረጉን ቆርጦ «ኔም ፕሪፊክስ» በሚለው ዓምድ ማስገባት፣ ስሙን አንድ ዓምድ ወደ ግራ መሳብ ነው። «ገብረ መድኅን»፣ «ኃይለ ሚካኤል» የመሰሉ ጥንድ ስሞችም ተለያይተው ከተጻፉ ለሁለት ዓምድ ይከፈላሉ። ለስልክ ሲባል ገጥሞ «ገብረመድኅን» ብሎ መጻፍ ይሻላል። «ገ/መድኅን» ማለትም ያስኬዳል፣ ግን አንዱን መርጦ ሁሉንም በሱ መጻፍ እንጂ እዚህ በሙሉ እዚያ በሕዝባር አይሆንም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለስልክ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ሃይሉ» ብሎ የፈለገ «ኃይሉ»ን ላያገኝ ይችላል።

«ከበደ ሽንኩርት»፣ «ሙላት ቆርቆሮ»፣ «አለሙ አይሱዙ ሸዋሮቢት» ብሎ መመዝገብ የማይቀር ነው፣ ጥሩም ዘዴ ነው። የሙያውን ቃል «ኦርጋናይዜሽን ኔም» ወደሚለው የድርጅት ቦታ ማዛወር ይቻላል፤ ሲፈለግ ያወጣዋል፣ ስሙን ግን አያዛባም። እርግጥ በአባት ስም የሚደረድር ስልክ ላይ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስበው ይገኛሉ፣ ያ የተመቸው ሰው ቢተወውም አያስወቅስም።

አሁን ድርቡን

የታረመውን ከማስገባትዎ በፊት አካውንቱ ላይ ያለውን አሮጌውን ዝርዝር ይሰርዙ፤ ቅጂው በእጅዎ ነው፣ የተሰረዘውም ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ሳይሰርዙ ካስገቡ ሁሉም ሰው እጥፍ ይሆናል። ስልክ ላይ ቪሲኤፍ ኢምፖርት ማድረግ ያለውን አያድስም፣ በላዩ ይጨምራል። መብራት ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ መግባቱን ያልጨረሰ መስሏቸው ሁለተኛ የሚጫኑ ሰዎች ድርቡን የሚያመጡት በዚህ መንገድ ነው። ከመድገም በፊት ስንት እንደገባ ቆጥሮ ማየት ይቀድማል።

ከዚያ ድረ ገጹ ላይ «መርጅ ኤንድ ፊክስ» ይክፈቱ። «ሁሉንም አዋህድ» የሚለውን ትተው አንድ በአንድ እያዩ ይፍቀዱ፤ በተለይ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ስማቸው የተለያየውን። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በአንድ ቀፎ የሚጠሩበት ቤት ብዙ ነው፣ እነሱ ድርብ አይደሉም። ስልኩ ላይ ደግሞ «ሊንክድ» ተብለው እንደ አንድ የሚታዩ ግን ያልተዋሃዱ ኮንታክቶች አሉ። ከነሱ አንዱን ሰረዝኩ ያለ ሰው ሁሉንም ሰርዟል። መጀመሪያ «አንሊንክ» ማለት፣ ከዚያ የሲሙን ለይቶ መሰረዝ ነው።

አሁን ሲንኩን መልሰው ያብሩና ዋይፋይ ወይም በቂ ዳታ ባለበት ይተዉት። ቴሌግራም ግን አሮጌውን ስም ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል፣ የራሱን ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ስለሚይዝ። «ሴቲንግ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብተው ወደ ታች «ዲሊት ሲንክድ ኮንታክትስ» ይጫኑ፣ ከሱ ሥር «ሲንክ ኮንታክትስ» የሚለውን አጥፍተው መልሰው ያብሩት። ዋትስአፕ የሚያነበው ከስልኩ ነው፤ አዲስ ቻት ሲከፍቱ ሦስቱን ነጥብ ነክተው «ሪፍሬሽ» ማለት ይበቃዋል።